በ44.1፣ በ48፣ በ96 ወይስ በ192? የሳምፕል ሬት አመራረጥ ለድምፅ ቀራጮች

ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ ማኅሌት ወይም የቅኔ ጉባኤ ለመቅረጽ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከሞጣ የሚነሡ ወጣቶች አዲስ መቅረጸ ድምፅ በገዙ ማግሥት የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። መሣሪያው 44.1፣ 48፣ 96 እና 192 የሚሉ አማራጮችን ደርድሮ ያሳያል፤ የቱ ይመረጥ? ብዙዎቹ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድምፁ የሚጠራ ስለሚመስላቸው የመጨረሻውን ይመርጣሉ። እኔም ለዓመታት እንደዚያው አደርግ ነበር። ዛሬ ግን በጎጃም ለምሠራው ሥራ ሁሉ ማለት ይቻላል 48 ኪሎ ሄርዝን ከ24 ቢት ጋር እጠቀማለሁ (ቢት እያንዳንዱ ልኬት በምን ያህል ዝርዝር እንደሚመዘገብ የሚናገር ቁጥር ነው)፤ 96ን ለጥቂት ሥራዎች ብቻ አቆየዋለሁ፤ 192ን ደግሞ የሰው ጆሮ ለሚሰማው ድምፅ አልመርጠውም።

ቁጥሩ የሚለካው ምንድን ነው?

ሳምፕል ሬት ማለት መሣሪያው ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ለክቶ እንደሚመዘግብ የሚናገር ቁጥር ነው። በ48 ኪሎ ሄርዝ የተቀረጸ ድምፅ በየሴኮንዱ 48,000 ልኬቶች አሉት፤ በ96 የተቀረጸው 96,000 አሉት። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው ነገሩን ከፎቶግራፍ ጋር ያመሳስለዋል፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ሥዕሉ እንደሚጠራ ሁሉ ልኬቶቹ ሲበዙም ድምፁ የሚጠራ ይመስለዋል። በማስታወቂያዎች ላይ ሞገዱ እንደ ደረጃ ተሰባብሮ የሚሣለውም ይህንኑ ግምት ያጠናክራል።

ግምቱ ግን ስሕተት ነው። ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 መንገዱን የጠረገለትና ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ እንደሚለው፣ በድምፁ ውስጥ ያለው ከፍተኛው ድግግሞሽ (ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ በሄርዝ የሚለካው) ከሳምፕል ሬቱ ግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ ሞገዱ ከልኬቶቹ ተነሥቶ እንደነበረው ተመልሶ ይሠራል። በሁለት ልኬቶች መካከል የጠፋ ነገር የለም፤ በእነዚያ ነጥቦች ሁሉ የሚያልፍና ከተወሰነለት ድግግሞሽ የማይወጣ ሞገድ አንድ ብቻ ነውና። ከመሣሪያው ወደ ድምፅ ማጉያ የሚወጣውም ደረጃ የሌለው ልስልስ ሞገድ ነው። ስለዚህ ሳምፕል ሬትን መጨመር የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር የጣሪያውን ከፍታ ማንሣት ነው፦ 44.1 እስከ 22.05 ኪሎ ሄርዝ፣ 48 እስከ 24፣ 96 እስከ 48፣ 192 ደግሞ እስከ 96 ኪሎ ሄርዝ ይይዛል። ከጣሪያው በታች ያለው ድምፅ በአራቱም ያው ነው።

የሰው ጆሮ ወሰን በወጣትነት 20 ኪሎ ሄርዝ ገደማ ሲሆን ዕድሜ ሲገፋ እየወረደ ይሄዳል፤ በጎልማሳነት ከ15 ወይም ከ16 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን መስማት የሚሳነው ብዙ ነው። ከ48 ወደ 96 ስንሸጋገር የምናተርፈው ከ24 እስከ 48 ኪሎ ሄርዝ ያለውን ክፍል ነው። ይህን ክፍል በደንብ የሚሰማው በግቢያችን የሚውለው ውሻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ስለ ቀረጻው ጥራት አስተያየት ሰጥቶኝ አያውቅም።

ነገር ግን ከጣሪያው በላይ ያለው ድምፅ ዝም ብሎ አይጠፋም። 30 ኪሎ ሄርዝ የሆነ ድምፅ ሳይጣራ በ44.1 ቢለካ ተጣጥፎ 14.1 ኪሎ ሄርዝ ላይ ይታያል፤ በዋናው ድምፅ ውስጥ ያልነበረ፣ ጆሮ የሚሰማው ባዕድ ድምፅ ሆኖ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ከልኬቱ በፊት ከፍተኛውን ድግግሞሽ የሚቆርጥ ፊልተር የግድ ያስፈልጋል። ከፍ ያለ ሳምፕል ሬትን የሚደግፈው ቁም ነገር ያለው ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ፊልተር ነው። በ44.1 ፊልተሩ ከ20 እስከ 22.05 ኪሎ ሄርዝ ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሥራውን መጨረስ አለበት፤ በ48 ክፍተቱ ወደ 4 ኪሎ ሄርዝ ይሰፋል፤ በ96 ደግሞ 28 ኪሎ ሄርዝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ያህል ገደላማ ፊልተር ከኤሌክትሪክ ክፍሎች ብቻ መሥራት አስቸጋሪ ስለነበረ በላይኛው የድምፅ ክፍል ላይ ጉዳት ያደርስ ነበር፤ «ዲጂታል ድምፅ ይሻክራል» የሚለው ቅሬታም ያኔ መሠረት ነበረው። የዛሬ መሣሪያዎች ግን፣ ርካሾቹም ሳይቀሩ፣ በውስጣቸው ድምፁን በሴኮንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ይለኩና ማጣራቱን በስሌት ይሠሩታል፤ እኛ የምንመርጠው 48 ከዚያ ስሌት በኋላ የሚወጣው ውጤት ነው። የ96 ዋነኛ ጥቅም የነበረው፣ እኛ ሳናውቀው፣ በ48 ውስጥም ገብቷል።

44.1 እና 48

44.1 የሚለው ያልተለመደ ቁጥር የመጣው ከቪዲዮ ካሴት ነው። ዲጂታል ድምፅ መጀመሪያ የሚቀመጠው በቪዲዮ ካሴት ላይ ስለነበረ፣ በአንድ መስመር 3 ልኬት፣ በ245 መስመር፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲባዛ 44,100 ይመጣል፤ በሌላው የቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ 3 በ294 በ50 ተባዝቶ ያው ቁጥር ይገኛል። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ያቀረቡት ሲዲ ይህን ቁጥር ወረሰ፤ ሙዚቃም ከሲዲ ጋር 44.1 ላይ ቆየ። 48 በበኩሉ የፊልምና የቪዲዮ መለኪያ ሆነ።

በድምፅ ጥራት ረገድ ሁለቱን የሚለያቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የምንመርጠው ድምፁ የሚሄድበትን አይተን ነው። በአካባቢያችን ምስል ሳይኖረው የሚቀረጽ ዘፈን አሁን ብርቅ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮም፣ ክሊፕም፣ ዘጋቢ ፊልምም ከካሜራ ጋር ይጋጠማል፤ ካሜራዎች ደግሞ ድምፅን በ48 ይይዛሉ። ስለዚህ 48 ይሻላል። ለሲዲ ብቻ የሚሠራ ሰው 44.1ን ቢመርጥ አልቃወመውም። ከ88.2 ወደ 44.1 መውረድ በሁለት ስለሚካፈል ይሻላል የሚለው የቆየ ምክርም በዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች ዘንድ ፋይዳ የለውም፤ ከ48 ወደ 44.1 የሚለውጡት ያለ ችግር ነው።

ጉዳት የሚያመጣው ሁለቱን ማደባለቅ ነው። በአንድ ወቅት በጥር ወር ሠርግ ላይ የአዝማሪውን ድምፅ በ44.1 ቀርጬ፣ ቪዲዮውን የሚያቀናብረው ሰው ፋይሉን ሳይለውጥ እንደ 48 ቆጥሮ አስገባው። ፋይሉ ሲጫወት ፍጥነቱ ወደ 9 ከመቶ ገደማ ጨመረ፤ ቅኝቱም ከአንድ ተኩል ሰሚቶን በጥቂት ያነሰ ወደ ላይ ወጣ። አዝማሪው ቪዲዮውን ሲያይ «ይህ ማነው እንደ እኔ የሚያዜም ልጅ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሥራ ላይ የሚሳተፉ መሣሪያዎች ሁሉ አንድ ቁጥር ላይ መሆናቸውን ሳላረጋግጥ አልጀምርም፤ ከ44.1 ወደ 192 በመሸጋገር ከማገኘው ጥቅም ሁሉ ይህ ጥንቃቄ በልጦብኛል።

48 እና 96

ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። «ከ20 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ በጆሮ ባይለይም ይታወቃል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገሩም በፈተና ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች ከፍተኛ ጥራት ያለውን ድምፅ በቀጥታና በ44.1 ኪሎ ሄርዝ 16 ቢት ውስጥ እንዲያልፍ አድርገው ለአድማጮች አሰሙ፤ ከ554 ሙከራዎች ትክክል የተገኙት 276 ነበሩ፤ ሳንቲም እየወረወሩ ከመገመት አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በለንደን የኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲው ጆሹዋ ሪስ 18 የቀደሙ ሙከራዎችን አንድ ላይ አጠቃሎ ሲመረምር አድማጮች 52.3 ከመቶ ያህል በትክክል እንደለዩ አገኘ፤ ሥልጠና ባገኙት ላይ ልዩነቱ ከፍ ይላል። ይህ በስታቲስቲክስ ረገድ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ ሆኖም ከመቶ ሁለት ጊዜ በላይ ብዙም ያልራቀ ልዩነት ለማግኘት የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የእኛን መሣሪያዎች በተመለከተ የማውቀውን ልናገር። የዋሽንት፣ የማሲንቆና የሰው ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ ከጣሪያው እጅግ የራቀ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው የዋሽንቱ የእስትንፋስ ሽውታ፣ የጭራው ፍትጊያና በበገና ላይ እንዝራ የሚፈጥረው ነዘርዛራ ድምፅ ነው። ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚሄደው ጸናጽል ነው፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ያለ ድምፅም ያወጣልና። ጸናጽልን በ96 ቀርጬ በስፔክትሮግራም (የድምፁን ድግግሞሾች በሥዕል በሚያሳየው) ስመለከት ከ20 ኪሎ ሄርዝ በላይ የተበተነ ምልክት በእርግጥ አይቻለሁ። ያንን ክፍል ቆርጬ ጥቂት ጓደኞቼን ሳይነገራቸው ሳሰማቸው ግን የተቆረጠውን ካልተቆረጠው የለየ አልነበረም፤ እኔም አልለየሁም።

ይህን ፈተና ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። በ96 የተቀረጸ አንድ ፋይል ወስዶ ወደ 48 ማውረድ፣ ከዚያም ቅርጹ ከመጀመሪያው ጋር እንዲመሳሰል መልሶ ወደ 96 ማውጣት፣ ከዚያ ሌላ ሰው የትኛውን እንደሚያጫውት ሳይናገር 16 ጊዜ እንዲያሰማ ማድረግ ነው። 12 ጊዜና ከዚያ በላይ በትክክል የለየ ሰው በዕድል ነው ለማለት ያስቸግራል። ድምፁ በሁለቱም እኩል መጮህ አለበት፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ፈተናውን ሳያደርጉ «ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል» ከሚሉ ሰዎች ጋር መከራከር ትቻለሁ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማይክሮፎኑ ነው። በየመድረኩና በየስቱዲዮው የሚታየው ሹር ኤስኤም58 በአምራቹ መግለጫ መሠረት የሚይዘው ከ50 ሄርዝ እስከ 15 ኪሎ ሄርዝ ነው። በዚህ ማይክሮፎን ፊት 192 መምረጥ በሞላ ወንዝ ላይ የሻይ ማንኪያ ይዞ ለመቅዳት በርሜል እንደማዘጋጀት ነው። የተሻሉት ኮንደንሰር ማይክሮፎኖችም ቢሆኑ የአብዛኞቹ መግለጫ 20 ኪሎ ሄርዝ ላይ ያበቃል። በዚያው ልክ በ44.1 የተቀረጸን ዘፈን ወደ 96 ለውጦ «ከፍተኛ ጥራት» ብሎ መሸጥ ጠላን በትልቅ ጋን ገልብጦ ጠነከረ እንደማለት ነው፤ ስፔክትሮግራሙ 22 ኪሎ ሄርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ስለሚታይ ማታለሉም ብዙ አይዘልቅም።

በስቱዲዮ ውስጥ ለ96 የሚቆሙ ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ድምፅን የሚያሻክሩ ፕለጊኖች (በድምፅ ሶፍትዌሩ ላይ የሚገጠሙ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ናቸው፤ አዳዲስ ድግግሞሽ ስለሚፈጥሩ ከጣሪያው በላይ የሄደው ተጣጥፎ ይመለሳል፤ ጣሪያው ከፍ ሲል ችግሩ ይቀንሳል። አብዛኞቹ አዳዲስ ፕለጊኖች ግን በውስጣቸው ሬቱን ከፍ አድርገው የሚሠሩበት ምርጫ ስላላቸው ፕሮጀክቱን ሁሉ ወደ 96 ማውጣት አያስፈልግም። ሁለተኛው ዘፋኙ በጆሮ ማዳመጫ ራሱን ሲሰማ የሚፈጠረው መዘግየት ነው፤ በፈር (ኮምፒውተሩ ባንዴ የሚያስተናግደው የልኬት ብዛት) 128 ሲሆን በ48 የሚዘገየው 2.7 ሚሊሴኮንድ፣ በ96 ደግሞ 1.3 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። በፈሩን ወደ 64 ማውረድም ያንኑ ይሰጣል።

96 ያለ ክርክር የሚገባው ለሁለት ሥራ ነው። አንደኛው ድምፁ በኋላ እንዲዘገይ ሲፈለግ ነው፦ ለፊልም የሚሆን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ወይም የወፍ ድምፅ በግማሽ ፍጥነት ስናጫውተው 30 ኪሎ ሄርዝ የነበረው 15 ሆኖ ይሰማል፤ ማይክሮፎኑ ይዞት ከሆነ። ሁለተኛው የድሮ ካሴትን ወደ ዲጂታል መለወጥ ነው፤ በየቤቱ ያለው የቀረርቶ፣ የሙሾና የስብከት ካሴት ከዓመት ዓመት እየተጎዳ ስለሚሄድ በደኅና የሚነበብበት ዕድል ምናልባት አንድ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የድምፅና የኦዲዮቪዥዋል ማኅደሮች ማኅበር ለዚህ ሥራ ቢያንስ 48 ኪሎ ሄርዝና 24 ቢት ይመክራል፤ ብዙ ማኅደሮችም 96ን መርጠዋል። የቲክታ ድምፆችን በሶፍትዌር ለይቶ ለማውጣትም ከፍ ያለው ሬት ይረዳል።

192

ስለ 192 ብዙ የምለው የለኝም። የሌሊት ወፍ ጥሪ ከ20 ኪሎ ሄርዝ ገደማ ተነሥቶ ከ100 በላይ ስለሚደርስ፣ በጣና ዳር የሌሊት ወፎችን የሚያጠና ተመራማሪ 192 ያስፈልገዋል፤ ለዚያውም ልዩ ማይክሮፎን ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ከ192 በላይ በሚለካ መሣሪያ ነው። ለሙዚቃ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በአምፕሊፋየርና በድምፅ ማጉያ ውስጥ የማይሰሙ ከፍተኛ ድግግሞሾች እርስ በርሳቸው ተጋጭተው በሚሰማው ክፍል ውስጥ አዲስ ብክለት ሊፈጥሩ ይችላሉ።

ከሬቱ በላይ የሚመዝነው ቢቱ

መሣሪያው 96 በ16 ቢት እና 48 በ24 ቢት ቢያቀርብ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እወስዳለሁ፤ ፋይሉም ያንሳል። 16 ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ገደማ ስፋት ይሰጣል፤ 24 ቢት በስሌት 144 ይሰጣል፤ መሣሪያዎቹ በተግባር ወደ 120 ገደማ ቢደርሱም እንኳ ትልቅ ልዩነት ነው። የዚህን ጥቅም የሚያውቅ ቀረርቶና ፉከራ የቀረጸ ሰው ነው። ፎካሪው በለሆሳስ ጀምሮ ባልታሰበ ሰዓት ይጮኻል፤ ከበሮውም እንዲሁ ነው፤ በለሆሳስ ካለው ተነሥቶ ወረብ ሲደርስ ይናወጣል። በ24 ቢት ጌኑን (የመቅረጫውን የድምፅ መጠን) ዝቅ አድርጎ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም መሣሪያው ከሚይዘው የመጨረሻ መጠን፣ ከ12 እስከ 18 ዴሲቤል በታች እንዲያርፍ መተው ይቻላል፤ በኋላ ከፍ ሲደረግ የሚረብሽ የሽሽታ ድምፅ አይጨምርም። የተቆረጠ ጩኸት ግን በምንም ሬት አይመለስም። 32 ቢት ፍሎት የሚሉት አዳዲስ መሣሪያዎች ይህን ጭንቀት ያቃልላሉ፤ ማይክሮፎኑ ራሱ ከተጨናነቀ ግን እነርሱም አያድኑም።

ድምፁ የሚሄድበት

ቀረጻው በመጨረሻ የት ይሰማል? በኤፍኤም ራዲዮ ከተላለፈ ሥርዓቱ ከ15 ኪሎ ሄርዝ በላይ አያስተላልፍም። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ከተላከ ኦፐስ በሚባለው መጭመቂያ ያልፋል፤ ኦፐስ ከ20 ኪሎ ሄርዝ በላይ አይዝም። በስልክ ስፒከር የሚሰማው ሰው ደግሞ የበገናውን ወፍራም አውታርም በቅጡ አይሰማውም። ይህ ሁሉ በደካማ ጥራት እንቅረጽ ማለት አይደለም፤ ዋናው ቅጂ በ48 እና በ24 ቢት በዋቭ (ባልተጨመቀ ፋይል) ይቀመጥ፣ የሚላከው ከእርሱ ይውጣ።

በተረፈው ጉልበት ምን ይሠራበት? በጎጃም ክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀርጽ ሰው ጠላቱ ከ24 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ አይደለም፤ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብና የክፍሉ ማስተጋባት ነው። ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ጭድ የገባበት ጭቃ የሆነ ቤት ድምፅን ስለሚውጥ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ አዳራሽ እጅግ ይሻላል፤ ብዙ ሰው ግን አዳራሹን ያከብራል። ዋሽንትን ስቀርጽ ማይክሮፎኑን ከሚነፋው አፍ ፊት አላደርገውም፤ ከጎን፣ ወደ ጣት ቀዳዳዎቹ አዙሬ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አርቄ አቆመዋለሁ። ማሲንቆን ደግሞ ወደ ቆዳው አነጣጥራለሁ፤ በጣም ከቀረበ የጭራው ፍትጊያ ዜማውን ይሸፍናል። አንድ ጋት ማይክሮፎን ማንቀሳቀስ በሁለቱ ሬቶች መካከል ካለው ልዩነት ብዙ እጥፍ የሚሰማ ለውጥ ያመጣል።

ዋጋውም በቁጥር ይታይ። በስቴሪዮና በ24 ቢት አንድ ሰዓት በ48 ወደ 1.04 ጊጋ ባይት፣ በ96 ወደ 2.07፣ በ192 ወደ 4.15 ይፈጃል። ሌሊቱን 8 ሰዓት የሚቆም ማኅሌት በ48 ከ8 ጊጋ ባይት በጥቂት ያልፋል፤ በ192 ግን ወደ 33 ይጠጋል። ተራ የዋቭ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት ገደማ ስለማያልፍ በ192 ከአንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ በኋላ መሣሪያው አዲስ ፋይል ለመክፈት ይገደዳል። ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ መብራት በሌለበት ደብር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። 64 ጊጋ ባይት የሆነ ሚሞሪ ካርድ በ48 ወደ 60 ሰዓት፣ በ96 ወደ 30፣ በ192 ወደ 15 ሰዓት ይይዛል፤ አንድ መምህር ብቻ ቅኔ ሲዘርፍ የሚቀረጽ ከሆነ በሞኖ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል።

እኔ በመቅረጸ ድምፄ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፌ 48/24 ብዬ ጽፌበታለሁ። ወደ ደጀን ወይም ወደ ቢቸና ከመነሣቴ በፊት የመሣሪያውን፣ የካሜራውንና የሶፍትዌሩን ቁጥር ከዚያ ጽሑፍ ጋር አመሳክራለሁ፤ ካሴት ልገለብጥ ስቀመጥ ብቻ 96 ላይ አደርገዋለሁ፣ ስጨርስም መልሼ አወርደዋለሁ።